ውስጥ ለውስጥ የሚቆፍር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ደጃቸው ደርሼ ጾም መሻሬን ብቻ ተናዝዤ የተመለስኩት ስንት ጊዜ ነው! ፈርቼ ነው። ዛሬም እየፈራሁ ነው የምነግርህ።

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመኖሪያዬ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ማከራየት ክልክል ስለነበር፣ አበጀ የሚባል የቡሬ ሸማኔ ከነሚስቱ አስገብቼ ለቀበሌው «ዘመዴ ነው» አልኩ። ክፍሏን በእጄ ነው የሠራኋት። ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጬ አቡክቻለሁ፤ ምስጥ እንዳይደፍረው የምሰሶውን እግር በእሳት ለብልቤ ተክያለሁ። ተከራይ ምስማር ሲመታ እኔን የወጋኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ብገባ አበጀ ወለሌን ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል። ሸማኔ ያለ ጉድጓድ እንደማይሠራ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር፤ ጓሮ ዳስ ይጥላል ብዬ ነው። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ቋጠረ፤ የማዕዘኑ ምሰሶ ዘመመ፤ ግድግዳው ተሰነጠቀ።

«ድፈነው» አልኩት።

«እግሬን የት ላድርገው ጋሼ?» ብሎ ሳቀ።

ውጣ ብለው ሄዶ ቢያሳብቅብኝስ? ማከራየቴ ቢታወቅስ? እንቅልፍ አጣሁ።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ቅኔ ቤት ነው። አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ መናገር እችልበታለሁ። ለቀበሌው ሊቀመንበር «ቤታችንን ውስጥ ለውስጥ የሚቆፍር ሰው አለ» አልኩት። ሰሙ የወለሌ ጉድጓድ ነው። ወርቁን እሱ እንዲፈታው ተውኩለት። መሣሪያ የቀበረ በሚታደንበት በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚፈታው ጠፍቶኝ ነው? እኔ ነኝ ያልኩት። አውቄ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ታጣቂዎች መጡ። ሚስቱ ጥሩነሽ ገበያ ነበረች። ጉድጓዱን አዩና አንዱ ወደኔ ዞሮ «ዘመዴ ነው ብለህ አልነበር?» አለኝ። አበጀ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«አላውቀውም» አልኩ።

ወሰዱት። ጉድጓዱን እኔው ድንጋይ ጠቅጥቄ ደፈንኩት፤ ምሰሶውንም አቃናሁ። ከዚያም ከጥሩነሽ ጋር ስንቅ ይዤ፣ የት ይሆን እያልኩ፣ እስር ቤት ለእስር ቤት ዞርኩ። እኔ! ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ ይመስል።

አበጀ አልተመለሰም። መሞቱን የነገራት ስለሌለ ጥሩነሽ እስካሁን ተዝካሩን አላወጣችም።

ማረኝ አልልህም። ፈርቼ ነው ማለቱም ሰበብ ነው፤ እሱስ አልፈራም ነበር? ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እጄን በሁለት እጇ ትይዝና «ጋሼ፣ ለእሱ የተጨነቁለት እርስዎ ብቻ ነዎት» ትለኛለች። እጄን አልነጥቃትም።