ሽኒሌ ሳይመልስ የተለቀቀው

የድሬ ዳዋ ሰፊ ሕዝብ ሆይ! ከዚራ ዛፍ ሥር የተቀመጥክም፣ ሳቢያን በባጃጅ የምትንገላታም፣ ጆሮህን አቅና! ወይዘሮ የሺመቤት፣ ቁመቷ ከፋይል ሣጥን እምብዛም የማይበልጥ የቀድሞ የምድር ባቡር ስልከኛ፣ ያለእሷ ፈቃድ ማንም ሰርቨሩን እንዳይነካ ወስናለች። ለውሳኔው ነጋሪት አልተጎሰመም፤ በካርቶን ተጽፎ በር ላይ ተለጠፈ እንጂ። አንብቦት የሚፈራ ቢገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ሰርቨሩ፣ መዝገብ የሚይዘው ኮምፒውተር፣ የሚኖረው በባቡር ጡረተኞች ማኅበር ቢሮ፣ ድሮ መጥረጊያ ይቀመጥበት በነበረ ጓዳ ነው። ሆዱ ውስጥ አራት ሺህ ሠራተኛ አለ፦ ማን በየትኛው ጣቢያ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ። የሠራተኞቹን የወረቀት ካርዶች ምስጥ ሲጀምራቸው የሺመቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሁለት ጣት እየለቀመች አስገባቻቸው። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አዴር ቡራሌ፣ በሶማልኛ አጎት ቡራሌ እንደማለት፣ የሚባሉ የዘጠና ዓመት ሐዲድ ጠባቂ ከአዲጋላ መጥተው፣ ካርድ ያልነበራቸውን አርባ ሦስት ጓደኞቻቸውን ዐይናቸውን ጨፍነው በስም በስም ጠሩላት። እየሰማች እዚያው ሰርቨሩ ውስጥ ጻፈች። ወረቀት ላይ አንዳቸውም የሉም።

ሰኞ ጠዋት የማኅበሩ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ዐብዲራዛቅ ከኮምፒውተር ሥልጠና ተመለሰ። የሦስት ቀን ትምህርት፣ የሠላሳ ዓመት ኩራት።

«እትዬ የሺ፣ ለዳታቤዝ ሰርቨሩ ሰርቪስ ፓክ ወጥቷል። ቀዳዳውን ሁሉ የሚደፍን የጥገና ጥቅል ነው። ዛሬ እንጫነው።»

«መስመሩ ነጻ ነው?»

«የምን መስመር?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ትውልድ ላይ ደረስን! በእሷ ጊዜ ሐዲዱ አንድ ነበር፤ መጪውም ሂያጁም በዚያው። የጅቡቲው ባቡር እየተንፈቀፈቀ፣ ነጋዴ ሴቶቹ በመስኮት እየተጠራሩ፣ የጣቢያው ሹም ሰዓቱን እያየ፣ ሁሉም የሚጠብቀው የሃያ ዓመቷን የሺመቤትን ነበር። ወደሚቀጥለው ጣቢያ፣ ወደ ሽኒሌ፣ የስልኩን እጀታ ታሽከረክራለች። «ሽኒሌ፣ መስመሩ ነጻ ነው?» ሽኒሌ «ነጻ ነው» ሲል ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፤ ደወሉ የሚመታው ከዚያ ወዲያ ነው። ሚኒስትር ቢሳፈር እንኳ፣ መልሱ ሳይጻፍ አንድ ፉርጎ አይነቃነቅም። ከተማው በወርክሾፑ ፉጨት ይነሳል፣ በፉጨቱ ምሳ ይበላል፣ በፉጨቱ ጋደም ይላል። ያ ፉጨት እስከዛሬ በእንቅልፏ ይመጣባታል።

ደብተሯን ገለጠች። «ዲስኩ ይበቃል? ይበቃል። የሥራ ምስክር ወረቀት የሚያትመው አሮጌ ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር ይስማማል? ደውዬ ጠይቄአለሁ፣ ይስማማል። ባክአፑ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ተሞክሯል? ተሞክሯል፤ ግን የዓርብ ነው፣ የአዴር ቡራሌ ሰዎች የሉበትም። በመሃል መብራት ቢጠፋስ? ይኼ ገና አልተመለሰም። ባለጉዳዮቹን ልሸኝ፤ ከእረፍት መልስ አዲስ ባክአፕ እወስዳለሁ፣ ስለ መብራቱም ዘበኛውን ከሪምን እጠይቃለሁ።»

«አቦ! ባቡር እኮ አይደለም፤ ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ የሚለውን መጫን ብቻ ነው!»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ድሬ እንደልማዷ ለቀትር እረፍት መዝጊያዋን ወረወረች። የሺመቤትም ምሳዋን በልታ ልታርፍ ሳቢያን ቤቷ ገባች። ዐብዲራዛቅ ብቻውን ቀረና አሰበ፤ ማሰቡ ነው ጉዱ። በዚህ ሙቀት ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ ሰርቨሩን የሚጠቀም የለም፣ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል? ቀጥል አለ። ቀጥል አለ።

ዘበኛው ከሪም ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ስለተኛ፣ እንደ ሁልጊዜው የቢሮውን መብራት ከቆጣሪው አጠፋ። በባቡሩ ዘመን የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ባቡሩ ቆመ፣ ትእዛዙን የሻረው ግን አልነበረም። የሰርቨሩ መጠባበቂያ ባትሪም ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሌላ ቀን ሰርቨሩ ሥራ ፈቶ ስለሚቀመጥ ጠፍቶ በደህና ይነሳ ነበር፤ ዛሬ ግን ጭነቱ ግማሽ ላይ ሳለ ጠፋና ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተበላሸ።

በዘጠኝ ሰዓት ስትመለስ ከሪም በር ላይ ጠበቃት።

«ወላሂ እትዬ የሺ፣ ሥራ አስኪያጁ ጥቅሉን እየጫነ መሆኑን ሳላውቅ እንደ ወትሮው ነው ያጠፋሁት! ሃያ ዓመት ሳጠፋ አንድም ቀን ሰው ሞቶብኝ አያውቅም።»

«ዛሬ አርባ ሦስት ሞተውብሃል» አለችውና ገባች። ዐብዲራዛቅ ጓዳው ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል። የማብሪያውን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል።

የዓርቡን ባክአፕ ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀባት። አራቱ ሺህ ተመለሱ፤ የቅዳሜዎቹ ቀሩ። አዲጋላ ደወለች። አዴር ቡራሌ አሥራ አንድ ስም ቆጥረው አቆሙ።

«ሌሎቹስ አዴር?»

«ሌሎቹማ ቅዳሜ ይዣቸው መጣሁ እኮ፣ ልጄ። አንቺ ጋ አልቀሩም?»

ደብተሯ ላይ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ጽፋለች፤ ከቁጥሮቹ ጎን ያለው ባዶ ነው። እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ የሰው ታሪክ አንብበህ ከንፈር መምጠጥ የለመድክ፣ አባትህ ወይም አያትህ ከሽኒሌ እስከ ደወሌ መዶሻ ተሸክሞ ሐዲድ ሲጠብቅ የኖረ ከሆነ፣ ከንፈርህን ተወውና ስሙን አምጣ። ቀድመህ ግን ደውል። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣለች። መስመሩ ነጻ ነው ወይ ብላ ስትጠይቅህ፣ አደራ፣ አንተ እንደ ሽኒሌ መልስላት።