ችካሉ የተተከለበት ቦታ

በቀደም ለታ ፍኖተ ሰላም አዳራሽ ውስጥ ተጠርቼ ተቀምጬ ነበር። ጡረተኛ ስለሆንኩ ለስብሰባ ማድመቂያ እጠራለሁ። አንድ ጨዋ ወጣት ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ፣ ማሽን በጥቂት ዓመት ውስጥ የስንት ሰው ሥራ እንደሚነጥቅ፣ የትኛው አገር የትኛውን ጥሎ እንደሚሄድ፣ እኛም ከስንተኛ ወደ ስንተኛ እንደምንወርድ ነገረን። ቁጥሮቹ ሁሉ ነጥብ ነበራቸው፤ ከነጥቡም በኋላ ሁለት ሁለት አኃዝ። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። እኔ እጄን አወጣሁና «ማን ቆጠረው? የት ቆሞ?» አልኩት። «ጥናት ነው አባባ» አለኝ በትሕትና። አጠገቤ የነበረችው ልጄ ኮቴን ጎተተችኝና ተቀመጥኩ።

ልጅቷ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ዕድገት የምጠላ፣ አዲስ ነገር የማይገባኝ ሽማግሌ አድርጋኛለች። አይደለሁም። እኔን የሚያንገበግበኝ ነጥብ ያለው ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ ማወቄ ነው፤ በገዛ እጄ ሠርቻለሁ።

በደርግ ጊዜ ቡሬ አካባቢ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ክረምት ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አስተዋውቃለሁ፤ ኅዳር ሲገባ የበቆሎ ምርት እገምታለሁ። አገማመቱ ቀላል ነው። አራት ችካልና አንድ ገመድ ይዘህ ማሳ ውስጥ ትገባለህ፤ ሳትመርጥ አንድ ቦታ ላይ ችካሎቹን ተክለህ ገመዱን ታዞራለህ፤ በገመዱ ውስጥ ያለውን በቆሎ ብቻ ሰብረህ ትመዝናለህ። ከዚያ ወዲያ ማባዛት ነው። ላለመምረጥ እንዲያመቸን ጀርባችንን ለማሳው ሰጥተን ዱላ ወደ ኋላ እንድንወረውር፣ ዱላው በወደቀበት እንድንተክል ሠልጥነናል። ከሥልጠናው ስንወጣ በዚህ ብዙ ሳቅን። ገበሬ ፊት ጀርባውን አዙሮ ዱላ የሚወረውር የመንግሥት ሠራተኛ እብድ ነው የሚባለው።

ያን ቁጥር የሠራሁበት ዓመት ደግሞ የውድድር ዓመት ነበር። ወረዳ ከወረዳ፣ አውራጃ ከአውራጃ፣ አልፎ ተርፎም እኛ ከዓለም ጋር። አንድ ካድሬ መጥቶ በውጭ አገር አንድ ባለ ትራክተር ገበሬ ስንት ሰው እንደሚመግብ፣ በእኛ አገር አንድ ባለ ሞፈር ስንት እንደሚመግብ ነግሮን ነበር። ቁጥሩን አልደግመውም፤ ያኔም አላመንኩትም። ባላምነውም እንደ ሁሉም ሰው ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የሚለኩት ሦስት ማሳዎች በዕጣ ነበር የሚለዩት፤ ዕጣ የደረሰው የመጀመሪያው ማሳ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ማሳ ነበር። እኛን በጎጃም አማርኛ፣ በሬዎቻቸውን ግን ከአባታቸው በወረሱት አገውኛ ነበር የሚያነጋግሩት። እኔን የመንግሥት ሰው ብለው እርስዎ ይሉኛል። ልጅዎ ነኝ፣ አንተ ይበሉኝ ብላቸው፣ ብለምናቸው፣ እምቢ አሉ። ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ስንደርስ አስቀድመው ጠላ አስቀመሱን። ከዚያ እጄን ያዙና እየመሩ ወደ ማሳው አስገቡኝ። በሳሳው በኩል ቶሎ ቶሎ አሳልፈውኝ አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

«ኸዚህ ላይ ይትከሉ ጌታው» አሉኝ። «ያማረው ይኸ ነው።»

እውነትም ያምር ነበር። ቦታው አምና ከብቶቻቸው ያደሩበት ነው። ፍጉን ጠጥቶ የከረመ መሬት ስለሆነ በቆሎው ከኔ ቁመት በላይ ዘልቋል፣ አገዳው ላይ ሁለት ሁለት ራስ አንጠልጥሏል። ከዚያ ውጭ ያለው ከወገብ ብዙም አያልፍም። ይህን ሁሉ አየሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። ግን ሰውየው እጄን አለቀቁም፤ ፊታቸው በርቷል። ቤታቸው ለገባ እንግዳ ደህናውን አጎዛ እንደሚያነጥፉ ሁሉ ከማሳቸውም ደህናውን ነው ያነጠፉልኝ። ታዲያ እጄን መንጭቄ ዱላ ልወርውር? ችካሉን እዚያው ተከልኩ።

ሌሎቹ ሁለት ማሳዎች ላይም ያው ሆነ። እያንዳንዱ ባለ ማሳ እጄን ይዞ ወደ ያማረው ወሰደኝ። ሦስቱን ደምሬ አካፈልኩ፣ በማኅበሩ መሬት ልክ አባዛሁ። ማካፈሉ አልገጥም ስላለ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ተረፈው። ለዓይን እንዴት ያለ የታመነ ቁጥር ይመስል ነበር።

ያ ቁጥር ፍኖተ ሰላም ስብሰባ ላይ ቀድሞኝ ደረሰ። ትልቅ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም እንደ ምሰሶ ተስሎ ከአንድ የታወቀ የውጭ አገር ምሰሶ ጎን ቆሟል፤ ሊደርስበት ትንሽ ነው የቀረው። ተናጋሪው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በአንድ ዓመት ያመጡት ለውጥ ነው አለ። ዓለም በብዙ ዘመን የሄደችውን መንገድ በአንድ ክረምት ዘለልነው አለ። የበሬ ማደሪያ ነበር የሚል ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በታኅሣሥ ኮታው መጣ። የወጣውም ከዚያው ቁጥር ነው። ይህን ያህል ያመረተ ይህን ያህል ለመንግሥት ያስገባል ተባለ። የሽማግሌው ድርሻ ጎተራቸው ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጥ ነበር። በቡሬ ገበያ ቀን ጣቢያው ድረስ መጡ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆመው በዱላቸው ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፦

«ቁጥሩን በላይ ያሉት ሰዎች አበላሽተውታል። እርስዎ ልክ አድርገው ለክተዋል፤ ቆሜ አይቻለሁ። ምስክሬ እርስዎ ነዎት። ሄደው ይንገሩልኝ።»

«ባይሆንስ አያ?» አልኳቸው።

«ባይሆን አንዱን በሬ ሸጬ፣ በቆሎ ኸገበያ ገዝቼ ማስገባቴ ነው። ዘሩንማ አልነካ።»

እስኪ አስቡት። ሰውየው አምርተሃል የተባሉትን በቆሎ ከገበያ ገዝተው ሊያስገቡ ነው፤ ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ከዓለም ጋር አስተካክሏቸው የሚያርሱበትን በሬ ሊያሸጣቸው ነው። ንዴቱ አላስተኛኝም። በማግሥቱ እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ።

የአውራጃው ግብርና ክፍል ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ነገሩን ሁሉ፣ በሬዎቹ ያደሩበትን ቦታ ሳይቀር ነገርኩት። አዳመጠኝና «ቁጥሩ ሄዷል» አለኝ።

«የት ሄደ?»

«ወደ ላይ። አንተ አሁን እንዴት አድርጌ ላውርደው ነው የምትለው? ከማን ጋር እንደምንወዳደር ታውቃለህ?»

«እኚህ ሽማግሌ ከማን ጋር ነው የሚወዳደሩት?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

አልተቆጣም። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣና ወደ እኔ ገፋቸው። «ቦታ መርጬ በመትከል ቁጥሩን አበላሽቻለሁ ብለህ ጻፍ። ስምህን ጽፈህ ፈርም። እኔ ዛሬውኑ አያይዤ እልከዋለሁ፣ የሰውየውም ኮታ ይታያል።»

እንዲህ ጽፎ የፈረመ ሰው በዚያን ጊዜ ምን እንደሚባል እሱም እኔም እናውቃለን። አሻጥረኛ ነው የሚባለው። አሻጥረኛ ደግሞ ከሥራ ብቻ አይደለም የሚወገደው። ባለቤቴ ይቺን ዛሬ ኮቴን የምትጎትተኝን ልጅ እርጉዝ ነበረች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አስቤ እመጣለሁ አልኩት። አልተመለስኩም።

ለሽማግሌው «ነገርኩልዎ አያ፣ እምቢ አሉ» አልኳቸው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ሳልንተባተብ ነው የወጣልኝ። መረቁኝ። እንደሚገባኝ ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነበር። በሬው በሚቀጥለው ገበያ ተሸጠ፤ በቆሎው ተገዝቶ ገባ፤ ማኅበሩም ኮታውን በሙሉ ያስገባ ተብሎ ተመሰገነ።

ያን በጋ ሽማግሌው ከጎረቤታቸው ጋር መቀናጆ ገቡ፤ የእሳቸው አንድ በሬና የጎረቤት አንድ በሬ እየተጠመዱ በተራ ማረስ ማለት ነው። ግንቦት ላይ በዚያ ሳልፍ፣ ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲመች፣ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ አያቸው ነበር። መንገዴን እቀይራለሁ። የቀረውን በሬ በአገውኛ ሲያናግሩት ግን ከሩቅ ይሰማኛል።

ኅዳር ተመልሶ መጣ። ዕጣው እንደገና የእሳቸው ማሳ ላይ ወደቀ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ስለነበረበት ብቻዬን ሄድኩ። ጠላው ቀረበ። ከዚያ አሁንም እጄን ያዙኝ። ሰብላቸው ዘግይቶ የተዘራ ስለነበር ከአምናው የባሰ ሳስቷል፤ በዚያ መሐል እየመሩ ወስደው ከጓሮ አጠገብ ያለች አንዲት የለመለመች ቁራሽ ላይ አቆሙኝ።

«ኸዚህ ላይ ይትከሉ» አሉኝ።

«አያ፣ ባምናው ምን እንደመጣብዎ ረሱት?» አልኳቸው። ትዕግሥቴ አልቆ ነበር፤ በእሳቸው ላይ ይሁን በራሴ ላይ አላውቅም። «ለመንግሥት ያማረውን እያሳዩ እስከ መቼ?»

«ለመንግሥት አይዶለም የማሳየው» አሉኝ ገርሟቸው። «ለርስዎ ነው። እርስዎ እኮ አልበደሉኝም።»

ችካሎቹን መሬት ላይ ጣልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያን ትልቅ ቁጥር በላይ ያሉት እንዳልሠሩት፣ እኔ እዚያ በሬ ማደሪያ ላይ ቆሜ እንደሠራሁት፣ ወረቀት ተሰጥቶኝ እንዳልፈረምኩ፣ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ቤቴ እንዳለ። የያዙትን እጄን መቼ እንደለቀቁት አላስተዋልኩም።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ችካሎቹን ለቀሙና ወደ ሳሳው መሐል ገብተው ራሳቸው ተከሏቸው። ገመዱን አዞሩ። በቆሎውን አንድ በአንድ እየሰበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ፤ አይጥ የበላውን እንኳ አልዘለሉም። ትንሽ ነበር። ቆጥረው ሲጨርሱ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ጻፍ» አሉኝ። «ጻፍና ፈርምበት።»

ጽፌ ፈረምኩ። ደብተሬን አጥፌ ስሄድ በደጃቸው ነው ያለፍኩት። የጠላው ዋንጫ እንዳስቀመጥኩት ግማሹ ሞልቶ መደቡ ላይ ነበር። ጨርሰህ ሂድ አላሉኝም።