ለእማዬ ድምፅ የገዛሁት ሳጥን

እናቴ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተያዘላት። ሐኪሙ ብዙ አስረዳን፤ እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረችው ግን «አልፎ አልፎ ድምፅ ሊለወጥ ይችላል» ያላት ናት። እማዬ ቡና ስትለቅም በቤንችኛ የምታንጎራጉራት ዜማ አለቻት። እኔ ሚዛን ከተማ ውስጥ በየሰርጉ ኪቦርድ ስጫወት የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀዳኋትም። ደነገጥኩ። የቀረኝ አንድ ሳምንት ነበር።

የቴፒ ጓደኛዬ ማይክ አዋሰኝና «ከላፕቶፕ ጋር እንዲሠራ ሳውንድ ካርድ ግዛ» አለኝ። ገበያ ወርጄ «ሳውንድ ካርድ አለ?» ስል የመጀመሪያው ባለሱቅ «የስንት ብር?» ብሎ የሞባይል ካርድ ዘረጋልኝ። ሁለተኛው ሜሞሪ ካርድ አወጣ። ስፒከር የሚሸጠው ሦስተኛው ነው ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ያቀረበልኝ፤ አንዱ ባለ አንድ የማይክ ቀዳዳ፣ ሌላው ባለ ሁለትና ወደድ ያለ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ይሄኛው ሁለት ቀዳዳ አለው።»

«እሱንማ አየሁ! ድምፁስ?»

«ድምፁ ያው የዘፋኙ ነው፣ ወንድሜ።»

ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ባሰብኝ። አንዱ ርካሹን ያወድሳል፣ ሌላው ያንኑ ያብጠለጥላል። ማይኩ አርባ ስምንት ቮልት ይፈልጋል ይላሉ። በስማም! ያ ሁሉ ቮልት እናቴ አፍ ሥር ምን ይሠራል? ልግደላት እንዴ? ስወላውል አምስት ቀን አለፈ። በመጨረሻ፣ እማዬ ያላት አንድ አፍ ነው ብዬ ባለ አንዱን ገዛሁ።

ሆስፒታል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት ቀዳኋት። ሳጥኑ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ስሰማት ትንፋሿ ሳይቀር ጥርት ብሎ መጣ። አለቀስኩ።

«በቃ?» አለችኝ ስትጨርስ።

«በቃ፣ እማዬ።»

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፤ ድምፅዋ ግን ሻከረ፣ ቀጠነም። ይመለስ እንደሆነ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። ቤት ገብቼ ቅጂውን ስከፍተው ክው አልኩ። ሳጥኑ ድምፅዋን በቀጥታ ወደ ጆሮዬ ሲልክ፣ ላፕቶፑ ለካ የሚቀዳው በራሱ ማይክ ኖሯል! መቅጃው ፕሮግራም ላይ ሳጥኑን መምረጥ ነበረብኝ። የሚሰማው የላፕቶፑ ማራገቢያ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ከሩቅ ደግሞ የታፈነ የሴት ድምፅ ነው። ደነዝ! እያልኩ ራሴን ሰደብኩ።

እማዬ ካላሰማኸኝ አለች። ድምፅዋን ተቀድቶ ሰምታው አታውቅም። አንገቷ ላይ ፋሻው እንዳለ ጎንበስ ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«እንዲህ ነበር እንዴ ድምፄ?» አለች በዚያ በሻከረው። «ታዲያ ምኑ አምሯችሁ ነው ዝፈኝልን ስትሉኝ የኖራችሁት?»

«ያምር ነበር! እማዬ ሙች ያምር ነበር! ይሄ የኔ ጥፋት ነው» ብዬ ጮህኩ።

ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። አላመነችኝም።