ከሦስት ጓጉንቸር ጀርባ የነበረው ቡልኮ

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጡረታ እስክወጣ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ኮሚሳሪ በር ላይ ሁለተኛ ጓጉንቸር ተጨመረ። ዘይትና ስኳር ልገዛ ተሰልፌ ነበር። አናጺው የበሩን ማንጠልጠያ በሚስማር ሲመታ አንዲት የኮሚቴ አባል ወደ ሰልፉ ዞር ብላ «ከእንግዲህ ማንም ብቻውን ሊከፍተው አይችልም» አለችን። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም። ያንን ዓረፍተ ነገር ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት እኔው ጽፌዋለሁ።

አርባ ምንጭ ነበርኩ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ ማስታወቂያ ክፍል ውስጥ በሙከራ ላይ ያለሁ ዘጋቢ። በወር አንድ ጊዜ የምትባዛ፣ ቀለሟ እጅ ላይ የምትቀር ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ነበረችን። መስቀል እንዳለፈ አለቃዬ ጠራኝና «ተቋማት ኮሚሳሪያቸውን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ዞረህ እይ፤ አንድ አርአያ የሚሆን አምጣልኝ» አለኝ። አርአያው መኖሩን አስቀድሞ ወስኖ ነበር የላከኝ።

ሦስት ቦታ ሄድኩ። የመጀመሪያው የአንድ ትምህርት ቤት ኮሚሳሪ ነበር። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም ቀን በሩ ላይ «ቆጠራ ላይ ነን» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። በሦስተኛው ቀን በመስኮት አንገቴን አስገብቼ «ምንድን ነው የምትቆጥሩት?» አልኩት ውስጥ ጋዜጣ የሚያነበውን ሰው።

«ሳሙና።»

«ስንት ሆነ?»

«እየቆጠርን ነው አልኩህ እኮ።»

ሁለተኛው የወህኒ ቤቱ ነበር። እስረኞች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት፣ ከቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል። ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ እስረኛ ሸማኔዎች የሚሠሩት ጋቢና ነጠላ ይሸጥበታል። ኃላፊው ሙሉጌታ የሚባል፣ መጋዘን ሰብሮ የተፈረደበት ሰው ነው። አንዲት ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። በሩን ያንኳኳ ሁሉ ይስተናገዳል። «ሌባ መሆንህን እያወቁ ነው የመረጡህ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ያኔ አፌ አይጠነቀቅም ነበር። «ወንድሜ፣ እዚህ ግቢ ያልሰረቀ ፈልገው አጡ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ቁልፉ አንድ ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀውም አንድ ሰው ነው» አለኝ። ይህንን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ጋዜጣው ላይ ግን አላወጣሁትም። ወህኒ ቤት አርአያ አይሆንማ።

ሦስተኛው ከጫኖ አልፎ፣ ወደ ሐይቁ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የጥጥ እርሻ ውስጥ ነበር። በሩ የብረት ነው። ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ አንዱ ቁልፍ በኮሚሳሪው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ አንዱ በተቆጣጣሪው፣ አንዱ በዕቃ ቤት ኃላፊው በአቶ ደበበ እጅ ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ካልቆሙ አይከፈትም። ሊቀ መንበሩ የሽፈራው ቅጠል ወጥና ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ አስቀርቦ፣ ከዚያ ከዛፉ ላይ የበሰለ ሙዝ ደግሞልኝ፣ ስለ አሠራሩ ሁለት ሰዓት አስረዳኝ። እኔም ጽፌ አወጣሁት። «ማንም ብቻውን ሊከፍተው አይችልም» የሚለው ያኔ የተጻፈ ነው።

ስለዚያ ኮሚሳሪ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የታሪኩ መነሻ እሱ ነው። ጥጥ ለመልቀም የሚመጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከጨንቻ አካባቢ የሚወርዱ ደገኞች ናቸው። ከቤታቸው ሲነሡ ብርድ ነውና ወፍራም ቡልኳቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ቆላው ላይ ቡልኮ ሸክም ነው፤ በጋራ መኝታ ቤቱም ይሰረቃል። ስለዚህ ኮሚሳሪው ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ በአደራ ይቀበላቸዋል። ስማቸው በካርቶን ላይ ተጽፎ ይታሰርበታል። በመስኮቱ ሽቦ በኩል ሲታይ ግድግዳውን የሞላ የቡልኮ ክምር ነው። እኔም ይህንን «ለሠራተኛው የተደረገ እንክብካቤ» ብዬው ነበር።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስቱን ቁልፍ ያዦች ፎቶ ላነሣ ወደ እርሻው ተመለስኩ። አቧራው ከሙቀቱ ጋር አፍ ውስጥ ይገባል። ኮሚሳሪው ደጃፍ፣ የማንጎው ጥላ ሥር ሰዎች ተሰብስበዋል። መሐላቸው አንድ ወጣት መሬት ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ ሲጋጭ ይሰማል። አይዛ ይባላል፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ወባ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ይዞታል። የጤና ረዳቱ የሰጠውን ክኒን አስታውኮታል። ጓደኞቹ ሦስት የጥጥ ጆንያ ደራርበውበታል፤ ሌላ ልብስ የላቸውም፤ የሁሉም ቡልኮ ውስጥ ነው።

ታላቅ ወንድሙ አልታዬ አቶ ደበበ ፊት ቆሟል።

«ጋሼ፣ የመንግሥት ዕቃ አልጠየቅንም። የራሱ ነው። ያውላችሁ፣ ስሙ አለበት፣ ከዚህ ይታያል።»

«እኔ መቼ አይደለም አልኩ፣ አልታዬ? የእኔን ከፈትኩልህ። ተቆጣጣሪውም ከፈተልህ።»

እውነቱን ነው። ሁለቱ ጓጉንቸሮች ተከፍተው ተንጠልጥለዋል። ሦስተኛው ተቆልፏል። ሊቀ መንበሩ ከትናንት በስቲያ የእርሻውን ብቸኛ መኪና ይዞ አዋሳ ሄዷል። የሄደው ለሥልጠና ነው፤ የሥልጠናው ርዕስ ስለ ንብረት አያያዝ ነበር።

«እንስበረው» አልኩ።

አቶ ደበበ አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ውጤቱ አንድ ነው። «አንተ ሰብረህ ትሄዳለህ ጌታዬ። እኔ የስድስት ልጆች አባት ነኝ፤ እዚሁ ነው የምቀረው» አለና በሩን አሳየኝ። ጽሑፌ ተለጥፏል። ሊቀ መንበሩ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። «ይኸው፤ ማንም ብቻውን አይከፍትም ያልከው አንተ ነህ።»

ከሰዎቹ አንዱ በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።

የአናጺው ክፍል ከዚያ ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ ውስጡ መዶሻ ነበር። እኔ ግን በሥርዓቱ ለማስከፈት ወሰንኩ። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥዬ ከተማ ገባሁ፤ ስልክ ቤት ተሰልፌ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ሊቀ መንበሩን ካረፈበት ሆቴል አገኘሁት።

«ሁለቱ ተከፍተዋል፤ የቀረው የእርስዎ ነው» አልኩት።

«ቁልፉማ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አታስብ።»

«ሰው ታሟል። ጓጉንቸሩን እንስበረው?»

«እንዴት ተደርጎ! በቃለ ጉባኤ ይወሰን።»

«ስብሰባውን ማን ይጠራል?»

«እኔ ነኛ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ ስመለስ።» ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ጨመረ፤ «ደግሞ ፎቶው ያለ እኔ እንዳይነሣ።»

ከስልክ ቤቱ ወጥቼ በቀጥታ ወህኒ ቤት ሄድኩ። ዘበኛው ያውቀኝ ስለነበር አስገባኝ። ሙሉጌታ ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ክሩን ከአንገቱ አወጣ፤ ከፈተ፤ ወፍራሙን ጋቢ መርጦ አወረደ። «የት ልፈርም?» አልኩት። «ሰውየው በርዶታል እያልከኝ ቆመህ ልትፈርም ነው? ሂድ፤ ሲሻለው ትመልሰዋለህ» አለኝ።

እርሻው የደረስኩት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ጋቢውንና እንዲወስደን የለመንኩትን መኪና ይዤ። አይዛ ጆንያው ሥር ነበር። ጋቢውን ስናለብሰው ጠርዙን በጣቶቹ ዳበሰና ለወንድሙ አንድ ቃል ተናገረ።

«ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የኔ አይደለም አለ» አለኝ አልታዬ። «ግን የደጋ ሰው የእጅ ሥራ ነው ይላል።»

ሆስፒታል አደረስነው። እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሞተ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ቡልኮ ወባ አያድንም፤ ሐሙስ ዕለት መኪና ቢኖር ኖሮ ግን ምናልባት ብሎኛል። ስለዚህ ጓጉንቸሩ ገደለው አልልም። የማውቀው አንድ ሰው በቆላ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ሙሉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ልብሱ በሽቦ ውስጥ ይታየው እንደነበር ነው።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ኮሚሳሪ አይቻለሁ፤ የወታደር ካምፕ፣ የፋብሪካ፣ የሆስፒታል። ሌባ የሚያስተዳድራቸው ነበሩ፤ ሌባ ቢያንስ በሩን ይከፍታል። ከሌባው ይልቅ የምንቀው፣ ከኃላፊነት ለመሸሽ ቁልፍ የሚያበዛውን ነው። ሦስት ሰው የሚይዘው በር ሲዘጋ የዘጋው ሰው አይኖርም። የሦስቱን ቁልፍ ያዦች ታማኝነት በጋዜጣ ያወደሰውን ዘጋቢም አብሬ እንቃለሁ፤ መዶሻው ሃያ እርምጃ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ዘይቴን ተቀብዬ ስወጣ የኮሚቴዋን ሴትዮ «ሁለት ይበቃል?» አልኳት። «ሦስተኛው ታዟል አባቴ፤ አያስቡ» አለችኝ። ቤት ገብቼ የድሮውን ማስታወሻ ደብተር ፈለግኩ። የዚያ ሳምንት የመጨረሻው ገጽ ይህንን ይላል፦

አይዛ ሰኞ ዕለት ጨንቻ አጠገብ ባለ ቀዬው ተቀበረ። ጋቢው ረቡዕ ታጥቦ ለሙሉጌታ ተመለሰ። ቡልኮው ከኮሚሳሪው የወጣው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በቃለ ጉባኤ፣ ሦስቱም ቁልፍ ያዦች በተገኙበት ነው። የተቀበለው ወንድሙ አልታዬ ነው፤ በጣት አሻራ ፈርሟል።