ኔጌቲቭ ሲባዛ በኔጌቲቭ

በደርግ ጊዜ ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። የሠለጠንኩት ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነው፤ ለመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚሆን የሒሳብ መምህር ስለጠፋ ወደ ላይ ገፉኝ። ሥራውን ወደድኩት። ስለዚህ ክረምት ገብቶ ጅማ ለሥልጠና ስንጠራ ፈራሁ። በመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዳችን ባልደረቦቻችን ፊት የማሳያ ትምህርት እንደምናስተምር፣ ያልሆነለትም ወደ አንደኛ ደረጃ እንደሚመለስ ተነግሮን ነበር።

ከፍርሃቱ ጋር ግን አንድ ጥያቄም ይዤ ነው የሄድኩት። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ስል፣ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ «ማሊፍ?» አለችኝ። በኦሮምኛ ለምን ማለቷ ነው። «ሕጉ ነው» አልኳት። እሷ ተቀብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ። ልብስ ሳጥብ ማሊፍ፣ ሽሮ ሳማስል ማሊፍ። ነገር አንዴ ከያዘኝ አይለቀኝም፣ ተፈጥሮዬ ነው።

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ የሚባለው ቀበሌ ቤት ተከራይቼ እየተመላለስኩ ተማርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አሰልጣኙ ዝም ይላል፣ እኛም ዝም እንላለን፣ ሲያባራ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለ ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት፣ ስለ ሰሌዳ አያያዝ፣ ስለ ዓላማና ግብ ተማርን። ስለ ማሊፍ ግን ማንም አላነሳም። እኔም እጄን ማውጣት እየፈለግኩ አላወጣሁም። ያኔ ስብሰባው ሁሉ በሂስና ግለሂስ ነበር የሚዘጋው፤ «አላውቅም» ያለ ሰው ቃሉ የት እንደሚደርስበት አያውቅም።

ችግሬን ያጫወትኩት ከሁላችንም በዕድሜ ለሚበልጡት፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ካለችው ከአሰንዳቦ ለመጡት መምህር ብቻ ነው። ተረት የሚወዱ ሰው ናቸው። ሻይ ይዘው አዳመጡኝና፣ «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል ነበር» አሉኝ። «አሁን ግን ደጃዝማችነት ራሱ ስለቀረ ዝም በይ፣ ልጄ።»

የማሳያው ሳምንት ሲደርስ ርዕሱ በዕጣ ወጣ። ዕጣው አላገጠብኝ፤ የኢንቲጀሮች፣ ማለት የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ሙሉ ቁጥሮች፣ ብዜት ደረሰኝ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን ልናገር። አንዱ ሲያስተምር ሌሎቻችን ተማሪ ሆነን እንቀመጣለን። አርፍዶ የሚገባ አለ፣ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?» የሚል አለ፤ የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ናቸው፣ ግን ያን ጊዜ ከልጅ ይብሳሉ። ዋናው ነገር ግን ጥያቄው ነው። ከቀኑ በፊት እንመካከራለን፦ አንተ ይህን ትጠይቀኛለህ፣ እኔ ስትቆም ያንን እጠይቅሃለሁ። እከክልኝ ልከክልህ። ሊገመግሙን ኋላ የሚቀመጡት ኢንስፔክተር «ተማሪዎቹ ተሳትፈዋል» ብለው እንዲጽፉ ነው።

የእኔን ጥያቄ የያዙልኝ የአሰንዳቦው መምህር ነበሩ። ተራዬ ደርሶ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ ደንቡ ነውና። እሳቸውም በሰዓቱ እጃቸውን አውጥተው፣ ፖዘቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። መለስኩ። ኢንስፔክተሩ ጻፉ። የቀረኝ ማጠቃለያው ብቻ ነበር፤ አጠቃልዬ ብቀመጥ አልፌ ነበር። ጠመኔው እጄ ላይ እያለ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በአማርኛ፣ «እሺ ተማሪዎች፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ የሚሆነው ለምንድን ነው?» አልኩ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ፊታቸውን ሳይ ገባኝ፤ የማላውቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።

«ሕግ ስለሆነ» አለ አንዱ።

«ሕጉን ማን አወጣው?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ጥቂቶቹ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረው አዩ። ይኼኔ የአሰንዳቦው መምህር ተነሡ። «ቲቸር፣ እኔ ሰነፍ ተማሪ ነኝ። ወላሂ አልገባኝም» አሉ፤ ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ አዳነን። አንዱ «እኔም አልገባኝም» አለ፣ ሌላው «እኔም»። መምህር ሆኖ ማለት የሚያስፈራው ነገር ተማሪ ሆኖ ሲሉት ቀላል ነው ለካ!

«እኛ ሠፈር አውቶቡስ ነው የምናየው፤ በአውቶቡስ ብታስረጂን አይሆንም?» አሉ የአሰንዳቦው መምህር እንደ ቀልድ።

አልቀለድኩም። ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመርኩ፣ መሐሉ ላይ ዜሮ ጻፍኩና አሰንዳቦ አልኩት። በጅማ በኩል ያለው ፖዘቲቭ፣ በአዲስ አበባ በኩል ያለው ኔጌቲቭ። «አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነው፣ ፍጥነቱ ኔጌቲቭ ነው። አሁን አሰንዳቦ ደረሰ። ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ማለት በኔጌቲቭ አንድ ሰዓት፣ የት ነበር?»

«በጅማ በኩል!» አሉ አብረው፣ ጮኸው። ኔጌቲቭ ፍጥነት በኔጌቲቭ ሰዓት ተባዝቶ ፖዘቲቭ ቦታ ላይ አደረሰን ማለት ነው። እኔም አሁን ገና ማየቴ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ከትምህርቱ በኋላ ሂስ ሲደረግ ግን ኢንስፔክተሩ አልማሩኝም። ከዕቅዷ ወጥታለች፣ እንግሊዝኛውን ትታለች፣ ከሁሉም በላይ ምሳሌ ማስረጃ አይደለም አሉ። የአሰንዳቦው መምህር «ነገር በምሳሌ...» ብለው ጀመሩና፣ የቀረው ጠጅ ስለሆነ እንደ ሙስሊምነታቸው ዋጡት። ውሳኔው ግን ተሰጠ፦ ነገ ጠዋት ይደገም፣ ነገም ካልሆነ አንደኛ ደረጃ። ተናደድኩ። ያናደደኝ ደግሞ ስለ ምሳሌው ያሉት እውነት መሆኑ ነው።

በማግስቱ ሌሎቹ ሁሉ ማሳያቸውን ጨርሰው ነበር፣ ወደየከተማቸው መሄድ ይችሉ ነበር። ስገባ ወንበሩ ሙሉ ነው። ያ ሁሉ ሰው የመጣው ለእኔ አዝኖ ይሁን መልሱን ፈልጎ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝናቡ ይወርዳል፤ ቆርቆሮው በኢንስፔክተሩ ወንበር ላይ ስለሚያፈስ እሳቸው ተነሥተው ከአሰንዳቦው መምህር ጎን፣ ከተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

በእንግሊዝኛ፣ ከዕቅዴ ሳልወጣ ጀመርኩ። ኔጌቲቭ ሁለትን በሦስት፣ በሁለት፣ በአንድ፣ በዜሮ እያባዛሁ ወደ ታች ጻፍኩ፦ ኔጌቲቭ ስድስት፣ ኔጌቲቭ አራት፣ ኔጌቲቭ ሁለት፣ ዜሮ። በየረድፉ መልሱ በሁለት ይጨምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ማባዣ ኔጌቲቭ አንድ ነው፤ መልሱ እንደ ልማዱ በሁለት ከጨመረ ፖዘቲቭ ሁለት ይሆናል። ክፍሉ አጨበጨበ።

ከአግዳሚው ላይ አንድ እጅ ወጣ። የኢንስፔክተሩ ነው።

«ቲቸር» አሉ። ማንም አልሳቀም። «እስከ ዜሮ ድረስ አይቻለሁ። ከዜሮ በታች ልማዱ እንደሚቀጥል በምን አወቅሽ?»

ሰሌዳውን አየሁት። የቡን አሰብኩ፣ ክፍሌን አሰብኩ። መዋሸት እችል ነበር፤ ሕጉ ነው ማለት እችል ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

ኢንስፔክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ጎርፍ የሚያህል ተግሣጽ ጠበቅኩ።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «የቡ፣ ወደ ስምንተኛ ክፍልሽ ተመልሰሽ መልሱን ያገኘሽው እንደሆነ፣ ለእኔም አስተምሪኝ።»