ከተሰናበተ ዘበኛ የቀረ

የጽሕፈት መኪናው ደወል፣ ያ መስመር ሲያልቅ ቅጭል የሚለው፣ ዛሬም ከጆሮዋ አልወጣም። ከደወሉ ጋር የካርቦን ወረቀት ሽታ አብሮ ይመጣል፤ ዘይት ዘይት የሚል፣ ጣት የሚያጠቁር። በወጣትነቷ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለች፣ ጓደኞቿ ማታ ማታ ደብዳቤውን ቆልፈው፣ ካርቦኑን ግን ቅርጫት ውስጥ ወርውረው ይሄዱ ነበር። እርሷ አንድ ቀን ካርቦኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታነሣው፣ የተጻፈው ሁሉ ፊደል በፊደል ይነበባል። ከዚያ ወዲህ በመቀስ ሳትከታትፈው ወደ ቤቷ ሄዳ አታውቅም። “መቃብር” የሚል ስም የወጣላትም ያኔ ነው፤ ለእርሷ የነገሩት ነገር ተቀብሮ ይቀራል ለማለት። ስሙን እንደ ሽልማት ተቀብላ ኖረችበት።

ጡረታ ስትወጣ ከቤቷ ፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ማተሚያ አስገባች። የሚካሰሰውም፣ የሚፋታውም፣ ከወንድሙ የሚካፈለውም ወደ እርሷ ይመጣል። ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው በየመንገዱ ሞልቷል፤ አፉን የሚዘጋ ነው የጠፋው። መቃብር ይህን ታውቃለች፤ እንጀራዋም ክብሯም በዚያች በተዘጋች አፏ ላይ የቆመ ነበር።

ኮምፒውተሩን የሚጠግንላት የልጇ ባል ነው። አንድ ጊዜ አንቲቫይረስ የሚሉትን መከላከያ ጫነላት። መከላከያው ግን ከቫይረሱ ብሶ መሣሪያውን እንደ ኤሊ አስጎተተው፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ባለጉዳዩ ያንቀላፋል። አማቿም መልሶ አጠፋው። “ዋናው ወጥቷል እማማ፣ ትራፊው ግን ይቀራል። ትራፊውን የሚጠርግ ማጽጃ ፕሮግራም ይዤ እስክመለስ ምንም እንዳይነኩ” ብሏት ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስትከፍት የመከላከያው ምልክት የሆነው የጋሻ ሥዕል ከማዕዘኑ ብቅ አለና “ጥበቃዎ ተቋርጧል” አላት። የተሰናበተ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ እንዴት አደሩ እንደሚል። ፈልጋ ፈልጋ በመከላከያው ስም የተቀመጠ ማኅደር አገኘች። ልታጠፋው ብትል “ለዚህ ፈቃድ የለዎትም” የሚል መልስ መጣ።

“በገዛ ቤቴ?” አለች ለብቻዋ።

ትራፊ የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ። ለእርሷ ትራፊ ማለት ሌላ ሰው አንሥቶ ወደ ብርሃን የሚያየው ነገር ነው።

በዚያው ሰሞን ልብስ ሰፊው መጣ። ከወንድሙ ጋር የያዙትን ሱቅ ሊካፈል ማመልከቻ ያስጻፈው እርሷ ዘንድ ነበር። “እትዬ፣ ወንድሜ ነገሩን ሰምቷል” አላት። “ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።” አለመቆጣቱ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። ቢጮህ ትጮህበት ነበር።

ለልጇ ብትነግራት ሳቀችባት። ሰውዬው የስፌት መኪናውን እየረገጠ ብቻውን ጮክ ብሎ ሲያወራ ነው የሚውለው፣ የእርሱን ጉዳይ ያልሰማው መንገድ ላይ ያለው የመብራት እንጨት ብቻ ነው አለቻት። መቃብር ግን አልሳቀችም። ጥርጣሬ እንደ እርጥበት ነው፤ በአንድ ጥግ ከገባ ግድግዳውን ሁሉ ይዞረዋል። አማቿ ደውሎ “ዛሬ ሥራ በዝቶብዎታል አሉ” ሲላት፣ ማን ነገረው፣ ወይስ በዚያ ትራፊ በኩል ያየኛል ብላ አደረች። ሚስቱ ልትነግረው እንደምትችል አላጣችውም፤ አልተዋጠላትም እንጂ።

በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጠጋኝ፣ ፈጣኑ የሚሉትን፣ በልጇ እንዳይታይ በጓሮ በር አስገባችው። ፈጣኑም ስሙን አላሳፈረም። ማኅደሩን በግድ ፈንቅሎ አጠፋው፤ ሌላም ነገር ጭኖ፣ “እንግዲህ ምንም ቢፈጠር እኔ ከሱቄ ሆኜ አይልዎታለሁ” አላት። አመሰገነችው። በማግስቱ ግን ጋሻው ከነበረበት “የተፈለገው ፋይል አልተገኘም” የሚል ጽሑፍ እየተደራረበ ይወጣ ጀመር።

አማቿ ከመንገድ እንደ ገባ ቦርሳውን ሳያወርድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ማጽጃውን ቢያስነሣው እንቢ አለ፤ የሚያጸዳውን ነገር ከቦታው አጥቶታል።

“ሰው ነክቶታል?” አላት ዞር ሳይል።

“ማን ይነካዋል” አለች።

ቤቱን አፍርሰው መሠረቱን ትተውታል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ተነሣ የሚለው ትእዛዝ እዚሁ ቀርቶ የሌለውን ሰው ይጣራል እያለ እንደ ማጉረምረም አደረገው። ከዚያ መከላከያውን እንደ ገና ጭኖ፣ በደንቡ አሰናብቶ፣ ማጽጃውን ለቀቀበት። አሁን ሠራ። መቃብር ከኋላው ቆማ ጣቶቹን ትጠብቅ ነበር፤ አንዱን ነገር ሲዘጋ ለምን ዘጋው፣ ሌላውን ሲከፍት ምን ሊያይ ነው ትላለች በሆዷ።

ድንገት ጣቶቹ ቆሙ።

“ይህ የኔ አይደለም” አለ። “ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ቁጭ ብሎ ይህን ስክሪን የሚያይበት ነው። እርስዎ የሚጽፉትን ሁሉ።” ጎንበስ ብሎ የተመዘገበበትን ስም አነበበ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ስም ነበር።

መቃብር ግድግዳውን ተደገፈች። ስንቱ ባለጉዳይ፣ ስንቱ ገመና ዐይኗ ላይ መጣ።

አማቿ ነገሩን ነቅሎ አጠፋው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “እማማ፣ እኔ እያለሁ?” አላት።

ይቅርታ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ ደርሶ ነበር። ሲወጣ ግን ሌላ ሆኖ ወጣ።

“አንተስ?” አለችው። “የልብስ ሰፊውን ነገር አላየህም? በልጅህ ማልልኝ።”

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። ማዕዘኑ ባዶ ነበር፤ ጋሻም የለ፣ ጽሑፍም የለ። እስኪረጋ ድረስ ተመለከተው። ማጽጃው ያለበትን ፍላሽ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ።