የሰባተኛው መደርደሪያ ብልቃጦች

ዩኒቨርሲቲው ዕቃ አጣቢ አድርጎ ሲቀጥራት፣ የላቦራቶሪ ብልቃጥ ከሆቴል ብርጭቆ በምን እንደሚለይ የነገራት ሰው የለም። እሷም አልጠየቀችም። ዕቃ ዕቃ ነው፤ ቆሽሾ ይመጣል፣ ታጥቦ ይሄዳል። በዚህ እምነት አሥራ ስድስት ዓመት አጠበች። ተማሪዎቹ «እትዬ ብልቃጥ» የሚል ስም አወጡላት። አልከፋትም። ከዚያ በፊት በሠራችበት የሆቴል ጓዳ ስሟ «አንቺ» ነበር፤ እንደ ዕድገት ቆጠረችው።

ግራኝ ናት። የብልቃጡን አንገት በቀኟ ትጨብጥና ብሩሹን በግራዋ ከትታ፣ ከታች ጀምራ እያሽከረከረች ወደ ላይ ታወጣዋለች። የመሥሪያ ቤቱን ብሩሽ አትወደውም ነበር። «ይሄ ፂም ነው እንጂ ብሩሽ አይደለም» ትላለች። ከገበያ የገዛችው የራሷ ነበራት፤ ፀጉሩ ሻካራ፣ መሀሉ ሽቦ፣ ሙጭጭ ያለውን ሁሉ የሚያስለቅቅ። እሷ ያጠበችውን ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ያለ አይመስልም ነበር።

ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ወርቅ የሚሠራበት ብልቃጥ በአሲድና በተጣራ ውሃ ይለቃለቃል። ብሩሽ አይነካውም» ይላል። የጻፈው የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ለመሳቅም ቀጠሮ የሚይዝ የሚመስል ሰው። እትዬ ብልቃጥ ወረቀቱን አንብባዋለች። ይሄን የጻፈ ሰው በሕይወቱ ዕቃ አጥቦ አያውቅም ብላም በልቧ ፈርዳለች። ቢሆንም ትእዛዙን ታከብር ነበር። ያለ ብሩሽ ሥራው ይቀላል፣ ማን ይጠላል።

ያላከበረችው ለአንድ ልጅ ብቻ ነው።

ልጁ የናኖቴክኖሎጂ ተማሪ ነበር። ይሄ ትምህርት ስለ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ሲባል ግን ሰሊጥ እንዳይመስላችሁ። አንድ የራስ ፀጉር ወስዳችሁ ውፍረቱን መቶ ሺህ ቦታ ብትሰነጥቁት፣ አንዷ ስንጣሪ ናኖ የሚሉትን ታህላለች። ማን ቁጭ ብሎ እንደሰነጠቀው አይታወቅም። የማዕረግ ዲግሪ የሚባለው ደግሞ፣ ሦስት ዓመት በጆሮ የሰሙትን በአራተኛው ዓመት በራስ እጅ ሠርቶ፣ ጽፎ፣ ፈታኝ ፊት ቆሞ ማስረዳት ነው። ልጁ አራተኛ ዓመት ላይ ነበር፤ ሥራውም ወርቅ።

ወርቅ እዚያ ድረስ ካነሰ ቢጫነቱን ይተዋል። ውሃ ውስጥ ተበትኖ እንደ ሮማን ጭማቂ ይቀላል። የወርቁን ጨው በውሃ ያፈላሉ፣ ከሎሚ ጋር የሚዛመድ ሌላ ጨው ጠብ ያደርጋሉ፣ ይጠብቃሉ። ይጠቁራል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ በመጨረሻ ይቀላል። ካልቀላ፣ ትንንሾቹ ተጣብቀው ትልልቅ ሆነዋል ማለት ነው፤ የዚያን ቀን ሥራ ደፍቶ መነሳት ነው።

የልጁ አልቀላም። ዓመቱን ሙሉ ጥቁሩ ላይ ቆመ። ጓደኞቹ «ከሰል» አሉት።

እትዬ ብልቃጥ ከሰልን ትወደው ነበር። ብልቃጡን አለቅልቆ የሚያመጣላት እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ሲገባ «እንደምን አደርሽ» አይልም፤ «እትዬ፣ እጅሽ እንዴት አደረ?» ይላል። አሲዱ ጓንቷን አልፎ ጣቶቿን ይሰነጣጥቃቸው ነበርና። ወርቁ እምቢ ሲለው አንጀቷ አልቻለም። ላግዘው አለች። የሰባተኛው መደርደሪያ ብልቃጦች የእሱ ነበሩ፤ ሰው ለምሳ ሲወጣ እነሱን ለብቻ ታወርድና በራሷ ብሩሽ፣ በአሸዋማ ሳሙና፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ትፈትጋቸዋለች። ከዚያ በአሲዱ፣ ከዚያ በተጣራው ውሃ። ወርቁ በጠቆረ ቁጥር እሷ ፍተጋውን ጨመረች።

መጨረሻ ላይ ኃላፊው ተማሪዎቹ ሁሉ ባሉበት፣ «እጅህ ንጽህና አያውቅም። ሰባተኛውን መደርደሪያ አስረክብና ውጣ» አለው። ልጁ ብልቃጦቹን አስረከበ። በገንዳው በኩል ሲያልፍ ቆም አለና፣ «እትዬ፣ አንቺማ አጥበሽልኝ ነበር» አላት። ወጣ፤ ዲግሪውም ቀረ።

ልጁ ከወጣ በሦስተኛው ዓመት እትዬ ብልቃጥ ራሷ ተመዘገበች። የማታ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ፈተናውን አልፋ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አይቷት፣ «እናቴ፣ ለምን ናኖቴክኖሎጂ?» አላት።

«የሰው ዕቃ ከማጥብ የራሴን ልጠብ ብዬ ነው» አለችው።

ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ታጥባለች። ሒሳቡን የምታስጠናት ልጇ ናት፤ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ማዕድ ቤት ውስጥ ደብተር ዘርግተው ይቀመጣሉ።

«እማ፣ ይሄን ትናንት አሳይቼሻለሁ እኮ።»

«ትናንት ገብቶኝ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ወጣ።»

ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ የምታስተምራቸው ዶክተር ሰሌዳው ላይ አንድ ብልቃጥ ሣለች። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ተማሪ ሳለች የእሷንም ብልቃጥ ያጠበችው እትዬ ብልቃጥ ናት። «ወርቁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል» አለች ዶክተሯ፤ «ብልቃጡ ላይ ዓይን የማያየው ጭረት ቢኖር እንኳ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ጓደኞቹን ይጠራል፣ ይከማቻል። ብሩሽ አይነካውም የምንለው ለዚህ ነው።» የእትዬ ብልቃጥ እስክሪብቶ ቆመ። ለራሷ፣ የዚያ ልጅ ነገር በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል አለች። የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ብሩሿን በጋዜጣ ጠቅልላ ጣለችው። ለማንም አልተናገረችም።

አራተኛው ዓመት ሲመጣ የራሷን ሥራ መረጠች። የቧንቧ ውሃ ውስጥ መርዝ ካለ፣ ጠብ ሲደረግበት ቀለሙን የሚቀይር ቀይ ወርቅ። መደርደሪያ ታደለ፤ ለእሷ፣ ከሰል ካስረከበው ወዲህ ማንም ያልሠራበት ሰባተኛው ደረሳት። ከእነ ብልቃጦቹ።

ዘጠኝ ሳምንት ሠራች፤ ወርቁ ዘጠኝ ሳምንት ጠቆረ። ብሩሽ አላስነካችም፣ አሲዱን ቀየረች፣ ውሃውን ቀየረች፣ ትንፋሿን እንኳ ይዛ ሠራች። አማካሪዋ ያቺው ዶክተር ናት።

«እትዬ፣ የሆነ ነገር ዘለሽ ይሆናል» ትላታለች።

«ዶክተር፣ ከመተኛት በቀር የዘለልኩት የለም።»

በአሥረኛው ሳምንት አንዱ ብልቃጥ ከእጇ አመለጠና ተሰበረ። ዶክተሯ ከካርቶን ውስጥ አዲስ አውጥታ ሰጠቻት። ወርቁ ጠቆረ፣ ሐምራዊ ሆነ፣ ቀላ። ቀልቶም ቀረ።

«ተገላገልን» አለች ዶክተሯ።

እትዬ ብልቃጥ አልሰማቻትም። ከአሮጌዎቹ አንዱን አንስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ለብርሃኑ ዘንበል ስታደርገው ታዩዋት፤ ጥፍር የማይሰማቸው ቀጫጭን ጭረቶች፣ ከታች ተነስተው እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። አዟዟራቸው የግራ እጅ ነው። በዚያ ገንዳ በግራ እጁ ያጠበ ሰው ከእሷ ሌላ ኖሮ አያውቅም። ሁለተኛውን አነሳች፣ ሦስተኛውን አነሳች። የገዛ እጅ ጽሑፏን እንዴት ታጣዋለች።

ብልቃጡን አቅፋ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ለዶክተሯ ሁሉንም ነገረቻት። ዶክተሯ ተነስታ በሩን ዘጋች።

«እትዬ ስሚኝ። ‹ብልቃጥ ተቀየረ፣ ሠራ› ብለሽ ጻፊ። ውሸት አይደለም።»

«እውነትም አይደለም።»

«የፈታኞቹ ሰብሳቢ እኮ ኃላፊው ነው። ወረቀትህን ጥሻለሁ፣ ያባረርከውም ልጅ ጥፋት የለበትም ልትዪው ነው? ዲግሪውንም ሥራውንም ሊያስቀርብሽ ይችላል።»

«የልጁንም አስቀርቶበታል።»

ዶክተሯ ግንባሯን አሸች። «ለፈተናው አሥር ቀን አለሽ። አስቢበት።»

ቤት ስትደርስ ለልጇ ነገረቻት። ልጇ ደብተሩን አጠፈች። «እማ፣ አራት ዓመት እኮ ነው የለፋሽው።»

«የእሱም አራት ነበር።»

ከሰልን ለማግኘት ብዙ አልተንከራተተችም፤ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ከጫማ ቤት መሀል ባለች ጠባብ ሱቅ መነጽር ይሠራል። ስትገባ መስታወት የሚሞርደው ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ቀና ሲል ወዲያው አወቃት።

«እትዬ። እጅሽ እንዴት ነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ ይሄን ሲላት ጠፋባት። ከነጠላዋ ውስጥ ብልቃጡን አወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ከሰል ሥሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየ። ዓይኑ ላይ የምትለጠፈዋን አጉሊ መነጽር አድርጎ ብልቃጡን ቀስ እያለ አዞረው። ጭረት መፈለግ እንጀራው ነው።

«ሰባተኛው መደርደሪያ» አለ።

«አዎ።»

«የፈተገው ሰው ግራኝ ነው።»

«እኔ ነኝ። በብሩሽ። እንዲነጻልህ ብዬ።»

ማሽኑ አሁንም ይሽከረከራል። እጁን ልኮ አጠፋው።

«የሌሎቹንስ?»

«የሌሎቹን ወረቀቱ እንዳዘዘ።»

«እነሱን አትወጃቸውም ነበር ማለት ነው።»

«እንደ አንተ አልወዳቸውም ነበር።»

«ብትጠዪኝ ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ» አለ። የሚቀልድ መስሏት ቀና አለች፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ብልቃጡን አስቀመጠው። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጄ ታሞ ነው ያቋረጠው› ይል ነበር። ዝርክርክ ነው እንዳይሉኝ። እኔ ደግሞ ኃላፊው ያለውን አመንኩ። አንድ መነጽር እስክጨርስ እጄን አሥር ጊዜ እታጠባለሁ።» እጁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ጣቶቹ እንደ እሷው ተሰነጣጥቀዋል።

ይቅርታ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ጣቶቹን ስታይ ቃሉ አነሰባት።

«ልጽፈው ነው የመጣሁት» አለች። «ቢከለክሉኝም ይከልክሉኝ። አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ከሰል ብለሽ ነው የምትጽፊኝ?»

ያን ጊዜ ነው ስሙን እንደማታውቅ የገባት። በየቀኑ እጇን ሲጠይቃት፣ እሷ «የኔ ልጅ» ብላው ታልፍ ነበር። እሱም ገባው። የመነጽር ልክ ከሚጻፍበት ወረቀት አንድ ቀደደና በደንብ በሚነበብ ጽሑፍ ጽፎ አቀበላት።

«ከነአባቴ ስም ይሁን» አለ።

በፈተናው ቀን ትንሽ ክፍል ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀመጡ፤ ኃላፊው መሀል። ዶክተሯ ከኋላ ናት። እትዬ ብልቃጥ ስለ ወርቁ ተናገረች፣ መርዝ ያለበት ውሃ ጠብ አድርጋበት ቀለሙ ሲቀየር አሳየች። ሁለቱ ፈታኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ላይ ብታቆም ያበቃ ነበር። አሮጌውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ማን እንደፈተገ፣ ለማን እንደፈተገ፣ ምን እንደደረሰበት አነበበች፤ ስሙን ከነአባቱ።

ኃላፊው ገጹን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። ከዚያ፣ «ወረቀቱን አላየሽውም ነበር?» አላት።

«አይቼዋለሁ። በየቀኑ ከፊቴ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አላመንኩትም። ለምን እንደሆነ አልጻፉበትም።»

ብልቃጡን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው፣ ቀስ ብሎ አዞረው።  «እጅህ ንጽህና አያውቅም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አልታወቀም። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። «ስሙን ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ጻፈው።

የማዕረግ ዲግሪዋና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረሷት፤ ሁለቱም ላይ የፈረመው እሱ ነው። ደብዳቤው ከገንዳው አንስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወራት። ልጇ ሁለቱንም በአንድ ፋይል አስቀመጠቻቸው። ገንዳው ላይ ያለው ወረቀትም ተቀየረ፤ አሁን ከትእዛዙ ሥር ሦስት መስመር ምክንያት አለበት።

ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ወደ መነጽር ቤቱ ሄዷል። እትዬ ብልቃጥ ጣት የምታህል ጠርሙስ ቀይ ወርቅ ይዛ ስትሄድ፣ ደብዳቤው ተከፍቶ የመነጽር ሣጥን ሥር ተቀምጦ አየችው። አራተኛ ዓመቱን እንደገና ሊሠራ ይችላል ይላል።

«ሠላሳ ዓመቴ ነው እኮ እትዬ» አለ ሳትጠይቀው።

«እኔ በሠላሳ ዘጠኝ ነው የጀመርኩት።»

ጠርሙሷን ተቀብሎ ለብርሃኑ ያዛት። ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የጠበቀው ቀለም ነው፤ በእጁ ሲይዘው ገና የመጀመሪያው ነው። አንድ ደንበኛ ገባ። ጠርሙሷን በጥንቃቄ አስቀምጦ የሰውዬውን መነጽር ጠገነ፣ ሸኘው። ተመልሶ ቀዩን እያየ ቆመ።

«ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»

«በሁለት።»

«ብልቃጡንስ ማን ነው የሚያጥበው?»

«አንተው» አለችው።

ከሰል የተሰነጣጠቁትን ጣቶቹን አገላብጦ አየና፣ ደብዳቤውን ከሣጥኑ ሥር ስቦ አወጣው።